ኩሽኔታ፣ ሞዞ፣ ቸርኬ፦ የመኪና ጎማ እምብርት ቃላት ከቦንጋ መንገድ አንጻር

1. መነሻ

እንደሚታወቀው፣ የሙያ ቃላት ወደ አንድ ቋንቋ የሚገቡት በሁለት በር ነው። አንደኛው የሊቃውንትና የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች በር ሲሆን፣ ሁለተኛው የሠራተኛው በር ነው። በመጀመሪያው በር የሚገባው ቃል ሥርወ ቃሉና ፍችው ተመርምሮ ይገባል፤ በሁለተኛው በር የሚገባው ግን ከዕቃው፣ ከመፍቻውና ከዘይቱ ጋር አብሮ ይገባል። የመኪና ጎማ የሚዞርበትን ክፍል የሚመለከቱት የአማርኛ ቃላት በአብዛኛው በሁለተኛው በር የገቡ ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ የእነዚህን ቃላት ታሪክ እንከተላለን። ለማሳያ ቦንጋንና የከፋን ዞን የመረጥነውም ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፋ ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ዓመታዊ ዝናብ የሚወርድበት የደንና የቀይ አፈር አገር ነው። ውሃና ጭቃ ደግሞ የጎማ ኩሽኔታ ዋና ጠላቶች ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1897 ድረስ የራሱ ንጉሥ፣ ዛሬም የራሱ ቋንቋ ያለው አገር ስለሆነ፣ በአንድ ጥገና ላይ ሦስት ቋንቋዎች ይገናኛሉ፤ የዕቃው ስም የጣሊያን ዝርያ፣ ማብራሪያው አማርኛ፣ የቤት ቋንቋው ካፊ ኖኖ ነው። ለቃላት ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ማሳያ በቀላሉ አይገኝም።

2. ከመንኮራኩር ወደ መኪና

አማርኛ መኪና ከመምጣቱ በፊት ስለሚዞር ነገር የሚናገርባቸው ቃላት አላጡትም። «መንኮራኩር» ከግዕዝ የወረደ ቃል ነው፤ በመጻሕፍት፣ በተለይም በነቢዩ ሕዝቅኤል ራእይ፣ የሠረገላንና የሰማያዊውን ራእይ ጎማ ያመለክታል። በዕለት ኑሮ ደግሞ «እንዝርት» ነበረ፤ ጥጥ የምትፈትል ሴት በጭኗ ላይ አንከባላ የምታሾረው ዘንግ ነው። «ዘንግ»፣ «እምብርት»፣ «ተሽከረከረ»፣ «ሾረ»፣ «ዋለለ» የሚሉት ሁሉ ለመካኒክነት የሚበቁ ቃላት ነበሩ።

ይሁን እንጂ መንኮራኩር በአገራችን መንገድ ላይ እምብዛም ስላልታየ፣ ቃሉ በመጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። መኪናው ሲመጣ ጎማውን «መንኮራኩር» ያለው ሰው ጥቂት ነበር። በኋላ ግን ሰው ወደ ጠፈር መውጣት ሲጀምር ይኸው ጥንታዊ ቃል ከፍ ብሎ የጠፈር ተሽከርካሪ ስም ሆነ። ምድራዊውን ጎማ ያጣው ቃል ሰማያዊውን አገኘ ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ አንድ ቃል ተስማሚ ፍች ስላለው ብቻ በሥራ ላይ እንደማይውልና ዕቃው በመጣበት ሰዓት በሠራተኛው አፍ ላይ መገኘት እንዳለበት ነው።

የሞተር ዘመን የመጀመሪያዎቹ ቃላት የመጡት በሌላ መንገድ ነው። «ባቡር» እንፋሎት ከሚለው የአውሮፓ ቃል ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ደረሰን። እ.ኤ.አ. በ1904 ገደማ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለዐፄ ምኒልክ ያመጣው የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። «ሸመንደፈር» እና «ለገሃር» ከፈረንሳይኛ ከሐዲዱ ጋር ገቡ። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች ከሚቈጠሩት አንዱን ወደ አዲስ አበባ አደረሰ። በዚያን ጊዜ መኪና የጥቂቶች መደነቂያ እንጂ የብዙዎች መተዳደሪያ ስላልነበረ፣ የዕቃዎቹ ስም ገና ወደ ሕዝብ አፍ አልገባም።

3. የጣሊያንኛው ማዕበል

ሁኔታውን የለወጠው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ነው። ወራሪው ጦር በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የጭነት መኪናዎችን አስገባ፤ መንገድ ሠራ፤ የጥገና ሥፍራዎችንም አቋቋመ። በእነዚህ ሥፍራዎች በረዳትነት የዋሉት ኢትዮጵያውያን ሙያውንም ቃላቱንም አንድ ላይ ተቀበሉ። ወራሪው ሲባረር መኪናዎቹ፣ መፍቻዎቹና ስሞቹ ቀሩ። «ትሬንታ ኳትሮ» የሚባለው የፊያት መኪና፣ በኋላም «ኤንትሬ» በመባል የታወቀው ፊያት በአገሪቱ መንገዶች ላይ ለረጅም ዘመን ስለ ሠሩ፣ ጣሊያንኛው በጋራዥ ውስጥ ከወረራው በኋላም ሥር ሰደደ።

የጎማውን አካባቢ ብቻ ብንመለከት የሚከተሉትን እናገኛለን።

«ጎማ» በጣሊያንኛ የላስቲክ ስም ነው። በአማርኛ በመጀመሪያ ላስቲኩን፣ ቀጥሎ መላውን ተሽከርካሪ ክፍል አመለከተ። «ጎሚስታ» ጎማ ጠጋኙ ነው።

«ቸርኬ» ክብ ወይም ቀለበት ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ ጎማው የሚለብሰው ብረት ነው።

«ሞዞ» የጎማው እምብርት፣ ማለት ቸርኬው በብሎን የሚታሰርበትና ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ብረት ነው።

«ብሎን» እና «ዳዶ» አሳሪዎቹ ናቸው።

«ግራሶ» በጣሊያንኛ ስብ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን የምግቡን ስብ ትቶ የማሽኑን ቅባት ብቻ ያዘ።

«ኩሽኔታ» ከሁሉም የሚያስገርመው ነው። መነሻው «ኩሺኔቶ»፣ ማለት ትንሽ ትራስ ነው። ጣሊያኑ፣ እንደ ፈረንሳዩም፣ ዘንጉ የሚያርፍበትን ነገር በትራስ መሰለው። እንግሊዙ ግን መሸከሙን፣ ጀርመኑ ማረፊያነቱን አይቶ ሰየመው። አንዱ ዕቃ ለሦስት ሕዝብ ትራስ፣ ተሸካሚና ማረፊያ ሆነ ማለት ነው። ስለሆነም «ትክክለኛው ስም የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም፤ ስም የሚሰጠው ሰው ከዕቃው ጠባይ አንዱን ብቻ መርጦ ይይዛልና።

በድምፅ በኩል ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ «ኩሽኔታ»፣ «ኩሺኔታ»፣ «ኩሽኔት» የሚሉ አጻጻፎች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ በመዝገበ ቃላት አንዱን መርጦ ሌሎቹን ወደ እርሱ መምራት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በ«ጎማ» ውስጥ ያለው «ማ» ይጠብቃል፤ ፊደላችን ማጥበቅን ስለማያሳይ በመግቢያ ቃሉ አጠገብ ምልክት ሊደረግለት ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚባለው ግን ቃላቱ በስም ብቻ ገብተው ግሡን ለአማርኛ መተዋቸው ነው። ኩሽኔታ «ይበላል»፣ «ይጮኻል»፣ «ይነክሳል»፤ ጎማ «ይዋልላል»፤ ግራሶ «ይጠቀጠቃል»። ዕቃው እንግዳ ነው፤ ሕመሙ ግን በአገር ቋንቋ ይነገራል።

4. ሥራው ምን ይመስላል?

ቃሉን ለመፍታት ሥራውን ማወቅ ግድ ነው። ከጂማ ተነሥቶ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቦንጋ የሚሄደው መንገድ ዛሬ አስፋልት ለብሷል። ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደ ቀበሌዎቹ ለሚገቡት መኪናዎች ግን ጭቃውና ጅረቱ እንዳለ ነው። ለዚህ ዓይነት መንገድ የታወቀውን አሮጌውን ላንድሮቨር እንውሰድ። በእያንዳንዱ ሞዞ ውስጥ ሁለት ባለ ሾጣጣ ከበሎ ኩሽኔታዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የዚህ ዓይነቱ ኩሽኔታ የፈጠራ መብት በአሜሪካ ለሄንሪ ቲምከን እ.ኤ.አ. በ1898 ተሰጠ። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1794 ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው ለሠረገላ ዘንግ ባለ ድቡልቡል ብረት ኩሽኔታ መብት ወስዶ ነበር፤ ስዊድናዊው ስቬን ዊንግክቪስት ደግሞ ራሱን የሚያስተካክለውን ዓይነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው።

ጥገናው በአጭሩ እንዲህ ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በድጋፍ ላይ ይቀመጣል፤ ጎማውና የፍሬኑ ታምቡር ይወጣሉ። ዳዶዎቹ ተፈትተው ሞዞው ከእንዝርቱ ላይ ይሳባል። አሮጌው ግራሶ በነጭ ጋዝ ታጥቦ ኩሽኔታው ይመረመራል፤ የተቦረቦረ፣ በሙቀት የሰማየ ወይም የዛገ ከሆነ ይጣላል። የውጭ ቀለበቶቹ ከሞዞው ውስጥ በመዶሻና ለስላሳ ብረት በጥንቃቄ ይመታሉ፤ ኩሽኔታና ቀለበት አንድ ላይ የሚለወጡ እንጂ የሚነጣጠሉ አይደሉም። አዲሱ ከገባ በኋላ ግራሶ በከበሎዎቹ መካከል በእጅ ይጠቀጠቃል፤ ውሃና ጭቃ የሚከለክለው የዘይት ማገጃም በአዲስ ይተካል። በመጨረሻ ሞዞው እየዞረ ዳዶው ይጠብቃል፤ ከዚያም ጥቂት ይላላል። ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ የሆነ ልቅነት መቅረት አለበት፤ ብረቱ ሲሞቅ የሚያብጥበት ቦታ ያ ነውና።

5. የተርጓሚው ፈተና

የቃል ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የጥገና መመሪያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይህን ልቅነት የሚጠራው የእንግሊዝኛ ቃል በተራው ፍችው «ጨዋታ» ስለሆነ፣ ቃል በቃል ቢመልሰው አንባቢው ምንም አይረዳም። «ክፍተት» ቢለው ደግሞ ጀማሪው ጉድለት ነው ብሎ እስከ መጨረሻው ሊያጠብቀው ይችላል። ኩሽኔታው ይግላል፤ ግራሶው ይቀልጣል፤ ጎማው በመንገድ ላይ ይነክሳል። ስለዚህ «ተፈላጊ ልቅነት» ብሎ በሁለት ቃል መሰየሙ የተሻለ ይመስለናል።

እንዲሁም የኩሽኔታው ቀለበት በእንግሊዝኛ «ሬስ» ይባላል፤ ይህን «ሩጫ» ወይም «ዘር» ብሎ መመለስ ያሳስታል። «ቀለበት» ግን በማንኛውም ጋራዥ ይገባል። ሌላም ምሳሌ እናክል። በአዲስ አበባ ዛሬም በብዛት በሚታየው አሮጌው ቮልስ ላይ የግራው የፊት እንዝርት ጥርስ ወደ ግራ የዞረ ነው። ዳዶው የሚፈታው ከሌላው በተቃራኒ ነው። ተርጓሚው «የግራ ዳዶ» ብሎ ቢያልፍ አንባቢው ቦታውን እንጂ የጥርሱን አቅጣጫ አይረዳም፤ በኃይል ሲታገል ጥርሱን ያላሽቃል። «ባለ ግራ ጥርስ ዳዶ» ማለት ይገባል።

ኩሽኔታን «ተሸካሚ» በሚል አዲስ ቃል እንተካ የሚሉ አሉ። አሳባቸው ከቅንነት የመነጨ ነው፤ አማርኛን በራሱ ዘር ማበልጸግ የሁላችንም ፍላጎት ነውና። ነገር ግን «ተሸካሚ» በመኪና ውስጥ የሚሸከሙትን ሌሎች ክፍሎች ሁሉ ይጠራል፤ በሕንፃ ሥራም ሸክም ያለበትን ግድግዳ ይመለከታል። አንድ ስም ለብዙ ዕቃ ሲሆን መለያነቱ ይጠፋል። ከዚህም በላይ ኩሽኔታ ከጋራዥ ወጥቶ ሕዝብ ውስጥ ገብቷል፤ ያረጀው ኩሽኔታ የልጆች ጋሪ ጎማ ይሆናል፤ ከውስጡ የሚወጣው ድቡልቡል ብረትም ብይ ይሆናል። ልጅ የሚጫወትበትን ቃል እንግዳ ማለት ይከብዳል።

6. ካፊ ኖኖ ፊት የቀረበው ጥያቄ

የካፊ ኖኖ ቃላት በአውሮፓውያን ሊቃውንት ቀድመው ከተሰበሰቡት የኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ናቸው፤ ሊዮ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1888፣ ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ ቋንቋው ያሳተሟቸው ሥራዎች ይታወቃሉ። በቋንቋው ብዙ ተባዕታይ ስሞች በ«ኦ» ድምፅ ይፈጸማሉ፤ ንጉሡ «ታቶ»፣ ቡናው «ቡኖ»፣ አፍና ቋንቋው «ኖኖ» ነው። «ዳዶ»፣ «ሞዞ» እና «ግራሶ» ከዚህ አፈጻጸም ጋር ያለ ችግር ይስማማሉ። «ኩሽኔታ» ግን በአማርኛ የተቀበለውን «አ» ይዞ ይቅር ወይስ ወደ «ኦ» ይመለስ የሚለውን የሚወስነው ተናጋሪው እንጂ ከሩቅ የሚጽፍ አይደለም። ለቦንጋ የሙያ ተማሪ በቋንቋው መመሪያ የሚያዘጋጅ ሰውም አማርኛ ያለፈበትን መንገድ ቢያውቅ ይጠቀማል፤ ስሙን ከሥራው ቦታ ወስዶ፣ ግሡንና ማብራሪያውን ከራሱ ቋንቋ ማውጣት ይችላልና።

7. ማጠቃለያ

በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ከተባለ ወዲህ የተካሄደው የሙያ ቃላት ሥራ በ1989 ዓ.ም. የታተመውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አፍርቷል። ይህ ሥራ ሲቀጥል የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን። ሥር የሰደዱት የዕቃ ስሞች፣ ማለት ኩሽኔታ፣ ሞዞ፣ ቸርኬና ግራሶ፣ መነሻቸው ተጠቅሶና አጻጻፋቸው ተወስኖ ይመዝገቡ። የቅርጽና የክፍል ስሞች እንደ እንዝርት፣ ቀለበት፣ ጥርስ፣ ከአገር ቃላት ይወሰዱ። የአሠራር ቃላት ግን፣ ከሁሉ በላይ ልቅነትን የሚመለከቱት፣ መመሪያውን አንብቦ ዳዶውን የሚያጠብቀው ሠራተኛ በሚረዳው መንገድ ይሰየሙ። በዝናብ ወራት ከቦንጋ የሚነሣ መንገደኛ ሕይወቱን የሚያኖረው በዚያ ሠራተኛ እጅ ላይ ነው፤ የሠራተኛው እጅ ደግሞ ባነበበው ቃል ላይ።