ለማሲንቆ ፌንደር ያልወጣለት ለምንድን ነው?

ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሐይቅንና ውጫሌን አልፋችሁ፣ መርሳ ሳትደርሱ ውርጌሳን ታገኛላችሁ። ባለፈው ወደዚያ ስወርድ ሠርግ ላይ ጊታር የሚጫወት የአክስቴ ልጅ አንድ ነገር ከአዲስ አበባ እንድልክለት ለመነኝ። ለጊታሩ አዲስ «ትሬሞሎ» ፈልጎ ነው።

ትሬሞሎ የጊታሩ አውታሮች ከታች በኩል የሚታሰሩበት፣ እጀታ ያለው ብረት ነው። እጀታውን ሲጫኑት አውታሮቹ ላልተው ድምፁ ይወርዳል፤ ሲለቁት ከጀርባ ያሉት ሞላዎች ወደ ቦታው ይመልሱታል። ቀስ አድርገው ካወዛወዙት ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የአክስቴ ልጅ ጊታር ግን አንዴ ከተጫኑት ወደ ቅኝቱ አይመለስም። ሙሽሮቹ እየገቡ፣ ሕዝቡ እያጨበጨበ አውታር ሲቃኙ መታየት ምን እንደሚመስል አስቡት።

ይህ አቤቱታ አዲስ አይደለም። እንዲያውም የዚህች ብረት ታሪክ በሙሉ ከዚሁ አቤቱታ የተወለደ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዶክ ካውፍማን የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፈውን እጀታ ሪከንባከር የተባለው የካሊፎርኒያ ፋብሪካ ጊታሮቹ ላይ ይገጥም ነበር። ቆይቶም እጀታውን በእጅ ከመነቅነቅ የሚገላግል፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀጠቀጥ ጊታር አወጣ። በእነዚያው ዓመታት፣ በ1929 ዓ.ም.፣ እኛ አገር ግራዚያኒ አዝማሪዎች ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር እየተያዙ እንዲገደሉ ያዝዝ ነበር። እዚያ ድምፅ እንዲንቀጠቀጥ ሞተር ሲገጠም፣ እዚህ በጣቱ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ይረሸን ነበር። ሁለቱን ዜናዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ የታሪክ መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

የካውፍማን እጀታ ቅኝት ያበላሻል። መርል ትራቪስ የተባለው ጊታረኛ ይህንኑ ችግር ይዞ ወደ ፖል ቢግስቢ ሄደ። ቢግስቢ የሞተር ሳይክል ዕቃ የሚሠራ መካኒክ ነበር። መጠገኑ አልሆን ሲለው ከሥሩ አዲስ ሠራለት፤ የሠራውም እስከ ዛሬ በስሙ ይሸጣል። ሊዮ ፌንደር ደግሞ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት ራሱ አይችልም። ግን ሱቁ የሚመጡትን ተጫዋቾች ቅሬታ እየሰማ፣ እየሠራ፣ መልሶ እያስሞከረ በ1954 (እ.ኤ.አ.) ስትራቶካስተርን ከነሞላዎቹ አወጣ። የሚገርመው ስሙን መሳሳቱ ነው፤ «ትሬሞሎ» የድምፅ ጉልበት መዋዠቅ እንጂ የቅኝት መንቀጥቀጥ አይደለም። ስሕተቱ ግን እስከ ውርጌሳ ደረሰ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ጌጣ ጌጥ ይሠራ የነበረው ጊታረኛ ፍሎይድ ሮዝ አውታሮቹን ከላይም ከታችም በብሎን ቆልፎ ችግሩን በአብዛኛው ፈታው።

መካኒክ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ጌጥ ሠሪ። በእኛ አጠራር ሦስቱም ጠይብ ናቸው።

አሁን ወደ ማሲንቆ ልምጣ። ማሲንቆ አንድ የጭራ አውታር ነው ያለው። ጣት አውታሩን እንደ ጊታር እንጨት ላይ አይጫነውም፤ አየር ላይ እንዳለ ይነካዋል። ስለዚህ ጊታር ስንት ብረት ተገጥሞለት የሚያገኘውን መንቀጥቀጥ አዝማሪው በጣቱ ጫፍ ያገኘዋል። አምባሰልን አስቡ፤ ከመነሻው ድምፅ ቀጥላ ያለችው ቅርብ ድምፅ ናት ሆድ የምታባባው። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል የሰማ ሰው ይህች ድምፅ ቆማ እንደማትቆም ያውቃል። የትሬሞሎ እጀታ ደግሞ ስድስቱንም አውታሮች አንድ ላይ ነው የሚያወርደው፤ አንዷን ድምፅ ለይቶ ማባባት አይችልም። በ1967 ዓ.ም. አይቤክስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር የቀዳውን «እሬ መላ መላ» ስሰማ፣ የሰላም ሥዩም ጊታር የሚማርከኝ በጣቶቹ ነው።

ታዲያ ማሲንቆ ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም። የእንጨት መቃኛው ይንሸራተታል። ዝናብ ሲመጣ ቆዳው ይረግባል። እነዚህን ችግሮች አዝማሪ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ አያቱም ያውቃቸው ነበር። ስለምን አልተፈቱም?

የእኔ መልስ መራር ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ቡዳ ስንል፣ የሚዘፍነውን ደግሞ አዝማሪ እያልን ስድብ ስናደርገው፣ ሁለቱ ተቀምጠው ስለ አንዲት መቃኛ የሚመክሩበትን ሱቅ አፈረስን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ስለተነገረ ስድቡ አልቆመም፤ እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፣ ብዬውም ይሆናል። አዝማሪው ብዙ ጊዜ ማሲንቆውን ራሱ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ዕውቀት አልጠፋም፤ የጠፋው የሚያከብረውና ገንዘብ የሚያወጣለት ነው።

«ባህል አይነካም» የሚል አይጠፋም። ክራር ግን ተነክቷል። አውታሩ ከአንጀት ወደ ናይለንና ሽቦ ተቀይሯል፤ የኤሌክትሪክ ድምፅ መያዣ ተገጥሞለት የለንደን መድረክ ላይ ይጮኻል። ክራር በዚህ ሞተ ያለ ሰው አልሰማሁም።

ለአክስቴ ልጅ ትሬሞሎውን አልላክሁለትም። ጊታሩን ገልብጠን ከፈትነው። አውታሮቹ ከላይ በሚያልፉባቸው ጠባብ ቦዮች ላይ የእርሳስ ዱቄት ቀባን፤ አውታር የሚይዘው እዚያ ስለሆነ ማለስለሱ ይረዳል። አዲሶቹን አውታሮች እየጎተትን አለማመድናቸው፤ ከጀርባ የሞላዎቹን ብሎኖች ትንሽ አጠበቅን። አሁን እጀታውን በኃይል ካልተጫነው ይመለሳል። የወጣብን ለአውታርና ለአንዲት እርሳስ ብቻ ነው።

ከዚያ እሱው ሌላ ነገር አሰበ። ከተሰበረ ጊታር ላይ ባለጥርስ መቃኛ ነቅሎ ጎረቤቱ የሆኑት አዝማሪ ማሲንቆ ላይ ሊገጥም ይሞክራል። ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቁበት፣ ቀጥሎ አሮጌ ማሲንቷቸውን ሰጡት። የማሲንቆው አንገት ቀጭን ስለሆነ ብሎኑ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልያዘለትም። ባለፈው ሳምንት ደውሎ የጠየቀኝ ስለ ትሬሞሎ አይደለም፤ የወይራ እንጨት ብሎን ይችል እንደሆነ ነው።