የጥፊ ዋጋ

ፖሊስ በሌለበት ዘመን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲደባደቡ፣ ተመቺው «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሣ ዱላ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ መሰንዘር ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ንጉሡንም እንደ መድፈር ይቆጠር ነበር። በዚያ የሚያልፍ ማንኛውም ጨዋ ሰው ዳኛ እንዲሆን ይለመናል፤ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥና ክርክሩ እዚያው ይጀመራል። ከሳሽና ተከሳሽ ወደ ሹም ዘንድ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ የነጠላቸው ጫፍ ይቋጠራል፤ ጉዳዩ ከበድ ካለ በሰንሰለት ይቆራኛሉ። የውጭ አገር ተጓዦች ይህን አይተው ተደንቀዋል፣ ፎቶግራፍም አንሥተዋል። በአንድ ሰንሰለት አብሮ መዋልና ማደር ተበዳዩንም የሚቀጣ መሆኑን ልብ ላለ ሰው፣ ስንቱ ጠብ ሹሙ ዘንድ ሳይደርስ በእርቅ እንዳለቀ መገመት አያዳግተውም።

የድብደባ ክስ በአገራችን እንዴት እንደሚያልቅ ስመረምር ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር አለ። መንግሥት ይለዋወጣል፣ ሕጉም ይለወጣል፤ ትንሹ ምት ግን ዞሮ ዞሮ ወደ ሽማግሌ ይመለሳል። ትልቁን ምት መንግሥት ለራሱ ይወስደዋል።

ያኔ ሙግቱ ራሱ ትዕይንት ነበር። ተሟጋቾች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረዱ ይከራከራሉ፤ ነገር የሚያውቅና አንደበቱ የሰላ ሰው ይረታል። ፍርዱ ያልጣመው ከአጥቢያው ሹም ወደ በላዩ፣ ከዚያም ወደ አፈ ንጉሡ እያለ እስከ ዙፋን ችሎት ይግባኝ ይላል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወጣው ግን በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ ዓመት፣ በ1923 ዓ.ም. ነው። ግርፋት ያኔም ከቅጣቶቹ አንዱ ነበር።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተደራጁ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም የአጥቢያ ዳኛ በአዋጅ ተቋቋመ። ስዊዛዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ቀላል የአካል ጉዳትና የእጅ እልፊት ተለያይተው ተቀመጡ። ሥራው የአውሮፓ ሕግ አቀራረጽ ጎልቶ የሚታይበት ነው። ያም ሆኖ በ1954 የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንቀጽ 223፣ ስድብን፣ የእጅ እልፊትን፣ አነስተኛ የንብረት ጉዳትንና ከአምስት ብር ያልበለጠ ስርቆትን ለአጥቢያ ዳኛው ሰጠ። የዳኛው የመጀመሪያ ግዴታም ማስታረቅ ነበር። ከታረቁ ስምምነቱ ተጽፎ ግልባጩ ለወረዳ ፍርድ ቤት ይላካል። እንቢ ካሉ ዳኛው ሁለት ረዳቶች ይዞ ይፈርዳል፤ መቅጣት የሚችለው ግን እስከ 15 ብር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አይታለፍም። መቀጮው የሚገባው ለመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ተበዳዩ ለታከመበትና ሥራ ፈትቶ ለዋለበት ካሳ ከፈለገ ለብቻው መጠየቅ አለበት። በሽማግሌ ፊት ግን ካሳው በቀጥታ ከመቺው ወደ ተመቺው ይሄዳል፤ በግ ታርዶ አብሮ ይበላል፣ ይቅርታም በሰው ፊት ይጠየቃል። ገበሬው ከችሎት ይልቅ ሽማግሌን መምረጡን ኋላ ቀርነት ነው ለሚሉ ሰዎች፣ ሒሳቡን አስልተው እንዲያዩት እመክራለሁ።

ደርግ የአጥቢያ ዳኛን ሽሮ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ተከለ፤ ከዚያ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት መጣ። ስሙ ተቀየረ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አሁንም ሕግ ያልተማረ፣ ሰፈሩን ግን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ዛሬ የሚሠራው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ነው። በአንቀጽ 555 መሠረት ሆን ብሎ የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ የጣለ፣ አካል ያጎደለ ወይም መልክን ክፉኛ ያበላሸ ሰው እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ወይም ከአንድ ዓመት በማያንስ ቀላል እስራት ይቀጣል። ቀላሉ ጉዳት በአንቀጽ 556 ሥር ነው፤ ቅጣቱም እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። መሣሪያ ወይም መርዝ ከገባበት፣ ወይም ተጎጂው ራሱን መከላከል የማይችል ከሆነ ግን ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ይሆናል። ጉዳት ያላደረሰ ምት የእጅ እልፊት ነው፤ አንቀጽ 560 ሰምበርን፣ እብጠትንና ቶሎ የሚያልፍ ሕመምን እንደ ጉዳት አይቆጥርም። መቀጮው እስከ 300 ብር፣ ከባሰ እስራቱ እስከ ሦስት ወር ነው።

ስለዚህ ብዙ መዝገብ የሚወሰነው ከዳኛው ፊት ይልቅ በጤና ጣቢያው ወረቀት ነው። ያው ጥፊ ጥርስ ካነቃነቀ አንድ አንቀጽ፣ ጉንጭ ብቻ ካሳበጠ ሌላ አንቀጽ ይጠራል። ሦስት ቀን ቆይቶ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው እብጠቱ ይከስምበታል፤ ማስረጃውም አብሮ ይከስማል።

ቅጣቱ ሲሰላ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ያወጣው፣ በ2006 ያሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ይመጣል። ዳኛው የወንጀሉን ደረጃ ይለይና ከእርከን ወደ እርከን ይወርዳል ወይም ይወጣል። ሌሊት መምታትና በቡድን መምታት ያከብዳሉ። ተቆጥቶ መምታት፣ ያለፈ ጥፋት አለመኖር፣ መጸጸትና መካስ ያቀልላሉ። ተከሳሽ ክሱ እንደ ደረሰው ሽማግሌ ይዞ ወደ ተበዳዩ ቤት የሚሮጠው በይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ የካሳው ወረቀት ችሎት ላይ እርከን ያስወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ ሰውም ቅጣቱ በገደብ ሊታገድለት ይችላል።

ቅጣቱ ያልከበደበት ቀላል ጉዳትና የእጅ እልፊቱ የሚያስከስሱት በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ ነው፤ አቤቱታውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ለሁለት ጎረቤቶች ይህ ብልህ ሕግ ነው። በአጥር ምክንያት ተጋጭተው ነገ በአንድ ዕድር የሚገናኙ ሰዎችን ወኅኒ ቤት ማስገባት ለማንም አይበጅም።

ለባልና ሚስት ግን ነገሩ ሌላ ነው። የ1997ቱ ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ድብደባን በስሙ ጠርቶ ወንጀል መሆኑን መናገሩ ትልቅ እርምጃ ነበር። ቅጣቱን ግን መልሶ ወደ እነዚያው አንቀጾች ላከው፤ ስለዚህ ጉዳቱ ቀላል ከተባለ ከሳሿ ራሷ ሚስቲቱ መሆን አለባት። አቤቱታዋን አቅርባ የምትመለሰው እሱ ወዳለበት ቤት ነው። ሽማግሌዎቹ ብዙ ጊዜ የእሱ ዘመዶች ናቸው፤ «ለልጆችሽ ስትዪ» ሲሏትም አቤቱታዋን ትተዋለች። ለእኩዮች የተሠራው የእርቅ ወንበር እኩል ላልሆኑ ሰዎች አልተሠራም። ቢያንስ ዳኛው እርቁን መዝገብ ላይ ከማስፈሩ በፊት ሽማግሌዎቹንም ባልየውንም ወደ ውጭ አስወጥቶ፣ ሴትዮዋን ለብቻዋ «በእርግጥ ታርቀሻል ወይ?» ብሎ ቢጠይቃት ሕግ የሚከለክለው ነገር የለም።