በአንድ የመግቢያ ፈተና የተሳሰሩት የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች

በመቱ፣ በጎሬና በአካባቢው ከተሞች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለው ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠባበቀው የአገር አቀፉን ፈተና ውጤትና የምደባውን ዝርዝር ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ለሚማሩ ግን ከመደበኛው ምደባ የተለየ ሌላ በር አለ፤ ይኸውም የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሚሰጡት የመግቢያ ፈተና ነው።

የአዳማው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተመሠረተ። በ2006 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የአሁኑን ስያሜ ያገኘውም በ2011 ነው። በየተራ ጀርመናዊና ደቡብ ኮሪያዊ ፕሮፌሰሮች በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። የአዲስ አበባው የተቋቋመው በዚያው በ2011 ነው። በ2014 ሁለቱም ከሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተለይተው በወቅቱ በነበረው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሥር እንዲተዳደሩ ተደረገ።

ነጻነታቸውን እንደጠበቁ በአንድ ፈተና ተማሪ መምረጥ በፈረንሳይ የቆየ ልማድ ነው። በዚያ አገር ወጣቱ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በመሰናዶ ይቆያል፤ ከዚያም ለውድድር ይቀርባል። በ1747 የተመሠረተው የመንገድና ድልድይ ትምህርት ቤትና በ1783 የተመሠረተው የማዕድን ትምህርት ቤት ከሌሎች ጋር ሆነው የጋራ ፈተና ይሰጣሉ። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በ1991 የተቋቋመው የፓሪስቴክ ኅብረትም አባላት ናቸው። የኅብረቱ አባላት የየራሳቸውን ስምና አስተዳደር ይዘው ቢቀጥሉም፣ ለውጭ አገር አመልካቾች የጋራ ቅበላ አዘጋጅተዋል።

አርሶ አደሩን ይበልጥ የሚመለከተው ልዩነት ግን ሌላ ነው። ፈረንሳዮች የግብርና ትምህርት ቤታቸውን አግሮፓሪስቴክን ከምሕንድስናዎቹ ጋር በአንድ ኅብረት አቀፉት። በእኛ አገር በአንጻሩ በአዳማው ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የአሰላ ግብርና በ2014 ተለይቶ ወደ አርሲ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። የቡና ማጠቢያ ወይም የማር ማጣሪያ መሣሪያ የሚነድፈው መሐንዲስና ምርቱን የሚያውቀው የግብርና ባለሙያ በተለያየ ግቢ መማራቸው ለኢሉአባቦር ዓይነት አካባቢ ጥቅሙ አጠያያቂ ነው። መቱ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል አለው፤ ምሕንድስናውም በበደሌ የሚገኘው ግብርናና ደን ሀብትም በአንድ ተቋም ሥር ናቸውና።

የጋራ ፈተናውን ማለፍ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በአገር አቀፉ ፈተና ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል፤ በዚያ ዓመት ይህን ያገኙት ከተፈታኞች 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የምዝገባ ጥሪ የሚወጣው በአብዛኛው በኢንተርኔት ሲሆን፣ መስመሩ በሚቆራረጥባቸው ቀበሌዎች ወሬው ከቀኑ በኋላ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያላቸው ወላጆች የዓመቱን የምዝገባ ቀንና የፈተና ቦታ ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ወይም ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ቢጠይቁ ይመረጣል። ከመቱ እስከ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዳማ ደግሞ ከዚያ ወዲያ 100 ያህል ኪሎ ሜትር ይርቃል።