የተቋረጠው ሲግናል፦ በግራፊክስ ካርድና በሞኒተር መካከል የሚታዩ ብልሽቶችና የምርመራቸው ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ላይ ላዩን ሲታይ የጥገና ባለሙያ እንጂ የታሪክ ተመራማሪ ጉዳይ አይመስልም። ኮምፒውተሩ ይሠራል፤ ማቀዝቀዣው ይሽከረከራል፤ ስክሪኑ ግን ይጠቁራል፣ ይርገበገባል፣ ወይም ነጫጭ ነጠብጣብ ይዘራበታል። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ይታወቃል፤ «ካርዱ ተቃጥሏል» ይባላል፤ አዲስ እንዲገዛ ደብዳቤ ይጻፋል፤ አሮጌው ዕቃ ወደ መጋዘን ይገባል። ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማስረጃ ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

ዛሬ ላስረዳ የምሻው አንድ ነገር ነው። በግራፊክስ ካርድና በሞኒተር መካከል ያለው ግንኙነት ባለፉት አርባ ዓመታት ውስጥ በተደጋጋሚ ተለውጧል፤ በተለወጠ ቁጥርም ብልሽት ራሱን የሚገልጥበት መልክ አብሮ ተለውጧል። ስለዚህ በስክሪን ላይ የሚታይ ምልክት ምን እንደሚመሰክር ለመረዳት፣ ምልክቱ ከየትኛው ዘመን አሠራር እንደ ተወለደ መለየት ግድ ይላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ የሌለው ትእዛዝ

አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን በኦገስት 1981 ለገበያ ሲያቀርብ ሁለት ዓይነት የማሳያ ካርዶች አብረው ቀረቡ። አንደኛው፣ ኤምዲኤ የተባለው፣ ጽሑፍን በአንድ ቀለም ብቻ ግን በጥራት የሚያሳይ ነበር። ሁለተኛው፣ ሲጂኤ የተባለው፣ ሥዕልንና ቀለምን የሚያሳይ ነበር። ኤምዲኤ በሰከንድ ከ18,400 በላይ አግድም መስመሮችን ሲልክ፣ ሲጂኤ የሚልከው 15,700 ያህል ነበር። ሆኖም ሁለቱም የሚጠቀሙበት ማገናኛ ባለ ዘጠኝ ፒኑ፣ አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ማገናኛ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ካርዱ በኬብሉ ማዶ ምን ዓይነት ሞኒተር እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ሞኒተሩም መልስ የሚሰጥበት አንደበት አልነበረውም። ግንኙነቱ ንጹሕ ትእዛዝ ነበር። አይቢኤም 5151 የተባለው ባለ አንድ ቀለም ሞኒተር የአግድም ምት የሚቀበለው በቀጥታ ከካርዱ ስለ ነበር፣ ከማይስማማው ካርድ ጋር ተገናኝቶ ቢቆይ የውስጥ ክፍሉ ሊጎዳ ይችል ነበር። በዚያ ዘመን የሲግናል ስሕተት ምስልን ከማበላሸት አልፎ ዕቃን የሚያቃጥል ነበር ማለት ነው።

ያው ሲጂኤ ግን ለታሪካችን ሌላ ትምህርት ትቶልናል። ባለ 80 ዓምድ ጽሑፍ በሚያሳይበት ጊዜ፣ ፕሮሰሰሩ ወደ ካርዱ ሜሞሪ ሲጽፍና የማሳያው ክፍል በዚያው ቅጽበት ከሜሞሪው ሲያነብ፣ ሁለቱ ይጋጩ ነበር። ውጤቱም በስክሪኑ ላይ የሚበተን ነጠብጣብ ነበር፤ ተጠቃሚዎች «በረዶ» ይሉታል። ያየ ሁሉ ኬብሉን ወይም ሞኒተሩን ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ ሁለቱ ግን ጤነኞች ነበሩ። ጥፋቱ ከኬብሉ በፊት፣ በካርዱ ሜሞሪ ላይ የተፈጸመ ነበር። መፍትሔውንም ያገኙት ፕሮግራም ጸሐፊዎች ናቸው፤ የኤሌክትሮን ጨረሩ አንዱን መስመር ጨርሶ ወደ ሌላው እስኪመለስ እየጠበቁ በዚያች አጭር ፋታ ብቻ መጻፍ ጀመሩ። ምልክቱ የታየበት ቦታና ስሕተቱ የተወለደበት ቦታ አንድ አለመሆናቸው ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ ነገር ነው።

ፊቱ የሚናገር ብልሽት

በኤፕሪል 1987 አይቢኤም ፒኤስ/2 ከተባሉት ኮምፒውተሮቹ ጋር ቪጂኤን አወጣ። ባለ 15 ፒኑ ማገናኛ ዛሬም በብዙ የመማሪያ አዳራሾች ፕሮጀክተር ላይ ይገኛል። ቪጂኤ ቀለምን የሚልከው በአናሎግ ነበር፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሽቦ፣ ከ0 እስከ 0.7 ቮልት በሚወጣና በሚወርድ ቮልቴጅ ይጓዛሉ። ሁለት ተጨማሪ ሽቦዎች ደግሞ የአግድምና የቁመት ምትን ይሸከማሉ።

የአናሎግ ጠባይ ብልሽትን በደረጃ ማሳየቱ ነው። የሰማያዊው ሽቦ ቢላቀቅ ነጩ ገጽ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ቀዩ ቢላቀቅ ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ ያደላል፤ አረንጓዴው ቢላቀቅ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ኬብሉ ከመጠን በላይ ቢረዝም ፊደላት ይደበዝዛሉ። ሲግናሉ በማገናኛው ላይ በከፊል ተንጸባርቆ ቢመለስ፣ ከእያንዳንዱ ፊደል በስተቀኝ ደብዛዛ ጥላ ይታያል። የቁመት ምቱ ቢጠፋ ምስሉ ከላይ ወደ ታች ይንከባለላል። ልምድ ያለው ባለሙያ መሣሪያ ሳያነሣ፣ በዓይኑ ብቻ የታመመውን ሽቦ ሊጠራ ይችል ነበር። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይንና በጣት የተያዘ ዕውቀት ነበር።

ይሁን እንጂ ካርዱ አሁንም ዕውር ነበር። ተጠቃሚው ሞኒተሩ የማይችለውን ፍጥነት ቢመርጥ ስክሪኑ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ግን መጥፋቱን አያውቅም። ዊንዶውስ ለዚህ ያበጀው ዘዴ የዘመኑን ችግር በሚገባ ያሳያል፤ አዲሱን ምርጫ ካሳየ በኋላ «ይጽና ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በ15 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካላገኘ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ማሽኑ ስክሪኑን ማየት ስላልቻለ የሰውን ዝምታ እንደ ምስክር ተቀበለ።

ሞኒተሩ አንደበት ሲያገኝ

ቬሳ የተባለው የማሳያ አምራቾች የደረጃ ማኅበር በ1994 ዲዲሲ የተባለውን የመነጋገሪያ መስመርና ኢዲአይዲ የተባለውን የሞኒተር መታወቂያ ደነገገ። መሠረታዊው መታወቂያ 128 ባይት ብቻ ነው። በውስጡ የአምራቹ መለያ፣ የሞኒተሩ መጠን፣ የሚቀበላቸው ሬዞሉሽኖችና የጊዜ ልኬቶች ተጽፈዋል። የመጨረሻዋ ባይት ማረጋገጫ ናት፤ የ128ቱ ድምር ለ256 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ ካልሆነ መታወቂያው ተበላሽቷል ማለት ነው።

ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ያልነበረ የብልሽት ዓይነት ወለደ። ምስል ተሸካሚዎቹ ሽቦዎች ሁሉ ደኅና ሆነው መታወቂያውን የሚያደርሰው ሽቦ ብቻ ቢቋረጥ፣ ወይም በመካከል የገባ ማከፋፈያ ወይም አዳፕተር መታወቂያውን ባያሳልፍ፣ ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ መጠኑ ግን የተሳሳተ ይሆናል። ሰፊው ሞኒተር በ1024 በ768 ፒክስል ተወስኖ ይቀራል። ዓይን ጉድለት አያገኝበትም፤ የተበላሸው ምስሉ ሳይሆን ስለ ምስሉ የተደረገው ስምምነት ነውና። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ መርማሪው «ሲግናሉ ደርሷል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ሁለቱ ምን ተባብለው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ተገደደ።

ወይ ሙሉ ወይ ባዶ

በ1999 ዲቪአይ፣ በ2002 መጨረሻ ደግሞ ኤችዲኤምአይ መጡ። ቀለም በቮልቴጅ ከፍታ መላኩ ቀርቶ በ0 እና በ1 መላክ ጀመረ። የዲጂታል ጠባይ ከአናሎግ ፍጹም የተለየ ነው። ተቀባዩ ማድረግ ያለበት 0ን ከ1 መለየት ብቻ ስለ ሆነ፣ ኬብሉ ሲግናሉን በመጠኑ ቢያዳክመውም ምስሉ አንዳች አይጎድልበትም። ድክመቱ ከወሰን ሲያልፍ ግን መጀመሪያ ነጫጭ ብልጭታዎች ይረጫሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ይጨልማል። በአናሎግ ዘመን ብልሽት እንደ ቁልቁለት ነበር፤ በዲጂታል ዘመን ገደል ሆነ። እየደበዘዘ የሚያስጠነቅቀን ምልክት ጠፋ።

የፍጥነቱን ለውጥ በአንድ ስሌት ላሳይ። ኤሌክትሪካዊ ሲግናል በኬብል ውስጥ በአንድ ናኖሰከንድ 20 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል። በቪጂኤ 640 በ480 ምስል አንድ ፒክስል 40 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ሲግናሉ 8 ሜትር ይሄዳል። ሁለት ሜትር ኬብል የሚይዘው እንግዲህ የአንድ ፒክስል ሩብ ብቻ ነው። በ2013 በወጣው ኤችዲኤምአይ 2.0 ግን፣ 3840 በ2160 ፒክስል ያለው ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ፣ በእያንዳንዱ የውሂብ መስመር በሰከንድ 5.94 ቢሊዮን ቢት ያልፋል። በዚያው ሁለት ሜትር ውስጥ 60 ያህል ቢቶች ተከታትለው በጉዞ ላይ ናቸው። «ይህ ኬብል ትናንት ይሠራ ነበር» የሚለው ምስክርነት ዋጋ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ኬብሉ አልተለወጠም፤ የተጫነበት ሸክም ተለወጠ።

በዚሁ ዘመን ሌሎች ሁለት የጭለማ ምክንያቶች ተጨመሩ። አንደኛው ሞኒተር መሰካቱን የሚያሳውቀው መስመር ነው። ይህ መስመር ቢላላ ካርዱ ሞኒተሩ ተነቅሎ እንደ ተሰካ ይቆጥራል፤ ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ይመለሳል። ሁለተኛው ኢንቴል የፈጠረው ኤችዲሲፒ የተባለው የቅጂ መብት መጠበቂያ ነው። ፊልም ሲከፈት ብቻ ስክሪኑ የሚጠቁር ከሆነ፣ ችግሩ የሽቦ ሳይሆን የፈቃድ ሊሆን ይችላል።

ቁስሉን የሚሸፍን ሥርዓት

ቬሳ በ2006 ያወጣው ዲስፕሌይፖርት ግንኙነቱን ወደ ድርድር ለወጠው። ምስል ከመላኩ በፊት ካርዱ የታወቀ የሙከራ ሲግናል ይልካል፤ ሞኒተሩ በሌላ መስመር «ደርሶኛል» ወይም «አልደረሰኝም» ይላል። ካልደረሰው ካርዱ የሲግናሉን ኃይል ከፍ ያደርጋል፤ ያም ካልረዳ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ የመጡ ደረጃዎች ደግሞ በመንገድ ላይ የተሳሳቱ ቢቶችን ፈልጎ የማረም ችሎታ ጨመሩ። ብርቱ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ብርታቱ ድካሙን ይሰውራል። ደካማ ኬብል ለወራት እየታረመ ያገለግልና አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ይቆማል።

የዚህ ዘመን ብልሽቶች አንዳንዶቹ ለማመን ያስቸግራሉ። በዲስፕሌይፖርት ማገናኛ ላይ 20ኛው ፒን 3.3 ቮልት ኃይል የሚወጣበት ነው፤ በተለመደው ኬብል ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ መገናኘት የለበትም። ደንቡን ያልጠበቁ አምራቾች ይህን ፒን አገናኙት። በዚህም የሞኒተሩ ኃይል ወደ ኮምፒውተሩ እየፈሰሰ ኮምፒውተሩን አልነሣም እስከ ማሰኘት ደረሰ። ጥፋተኛው የማይጠረጠረው፣ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰው ዕቃ ነበር። እንዲሁም በ2013 እና 2014 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ባለ 60 ኸርዝ 4ኬ ሞኒተሮች አንዳንዶቹ ምስሉን በሁለት ግማሽ ከፍለው የሚቀበሉ ነበሩ፤ ከኮምፒውተሩ አንጻር ሁለት ሞኒተሮች ናቸው። ግማሹ ስክሪን ሲጠፋ መስተዋቱ የተሰበረ ይመስል ነበር፤ የተቋረጠው ግን ከሁለቱ ስምምነቶች አንደኛው ነበር።

ስሕተቱ የት ገባ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። የብራና ጽሑፍ የሚመረምር ሊቅ የተበላሸ ቃል ሲያገኝ ጥያቄው «ስሕተቱ በየትኛው ደረጃ ገባ? ከደራሲው፣ ከገልባጩ ወይስ ከብራናው?» የሚል ነው። የስክሪንም ምርመራ ከዚህ አይለይም፤ ታሪኩም ሦስት ምስክሮችን አስረክቦናል።

የመጀመሪያው ምስክር የስክሪን ቅጂ ነው። ቅጂው የሚነሣው ከሜሞሪ እንጂ ከሞኒተር አይደለም። የተዛባው ነገር በሌላ ኮምፒውተር ላይ በተከፈተው ቅጂም ውስጥ ከታየ፣ ስሕተቱ ከኬብሉ በፊት ተወልዷል፤ የሲጂኤ በረዶ ዘመድ ነው። ቅጂው ንጹሕ ከሆነ ግን ስሕተቱ ምስሉ ከሜሞሪ ከወጣ በኋላ ገብቷል፤ የካርዱ መውጫም ገና ከጥርጣሬ ነጻ አይደለም። ሁለተኛው ምስክር ሞኒተሩ ራሱ የሚያሳየው የማስተካከያ ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ በኬብሉ አይመጣም። እርሱም አብሮ ከተዛባ ጥርጣሬው ወደ ሞኒተሩ ያመራል። ሦስተኛው ምስክር ፍጥነት ነው። ሬዞሉሽኑ ወይም የእድሳቱ ፍጥነት ዝቅ ሲል ብልሽቱ ከጠፋ፣ ሸክሙ ያቃተው መንገዱ፣ ይኸውም ኬብሉ፣ ማገናኛው ወይም አዳፕተሩ ሊሆን እንደሚችል ጠንካራ ፍንጭ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጊዜ መለወጥ ነው፤ ኬብሉን፣ ቀጥሎ ሶኬቱን፣ ቀጥሎ ሞኒተሩን። ሁለት ነገር በአንድ ላይ የለወጠ ሰው ችግሩን ሊያስወግድ ይችላል፤ ምክንያቱን ግን አያውቅም፤ ነገም ያው ስሕተት ሲመለስ እንደ አዲስ ይጀምራል።

እነዚህ ሦስቱ ፈተናዎች ምንም ወጪ አይጠይቁም፤ ጊዜያቸውም ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። የውጭ ምንዛሪ በሚጠይቅ ዕቃ ለሚሠራ ቤተ ሙከራ፣ በኬብል ጥፋት ካርድ መጣል ወይም በመታወቂያ መጥፋት ሞኒተር ማስወገድ ተራ ስሕተት አይደለም፤ ለተማሪ ሊደርስ ይገባ የነበረ አንድ መቀመጫ መቀነስ ነው።

ማሽኖቹ ስሕተታቸውን ለራሳቸው ማረም በጀመሩ ቁጥር ከእኛ የሚሰወረው ነገር እየበዛ ሄዷል። የቀደመው ባለሙያ በዓይኑ ያነበው የነበረውን እኛ ዛሬ በጥያቄ ማውጣት አለብን። ጠቆረ የተባለ ስክሪን ፊት ስትቆሙ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ምስክሮቹን ጥሩ።