ጥቁሮቹን ስወለውል

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ልንገራችሁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ልጆቼ ጫማዬን መጫማት በጀመሩበት ዘመን፣ በ47 ዓመቴ፣ ፒያኖ ልማር ብዬ ተነሣሁ። ሚስቴ ምን አለች? «እንኳን ከበሮ አላልክ።»

ፒያኖ ስል እውነተኛው እንዳይመስላችሁ። እውነተኛው ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ማን ይሸከመዋል? የገዛሁት ያገለገለ ኪቦርድ ነው፤ በ88 ቁልፍ ፈንታ 61 ያለው። ከመገናኛ ታቅፌው ስሳፈር ወያላው «ይሄ ወንበር ይዟል» ብሎ የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ።

ትምህርቱ ገርጂ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የመምህሬ ዕድሜ የእኔን ግማሽ ቢሆን ነው። «ጋሼ፣ ጣትዎን ብርቱካን እንደያዘ ሰው ጎበጥ ያድርጉት» ይለኛል። አውራ ጣት አንድ፣ ትንሿ ጣት አምስት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ከእኔ ቀጥላ ተረኛዋ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ በሩን ተደግፋ ከንፈር ትመጥልኛለች። ሁለት ወር ሙሉ ነጮቹ ላይ ተመላለስኩ። ጥቁሮቹስ? «ይደርሳሉ ጋሼ፣ አይቸኩሉ።»

አንድ ቅዳሜ ቤት ስናጸዳ የእኔ ድርሻ አቧራ መጥረግ ሆነ። ኪቦርዱ እንደበራ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ጥቁሮቹ ከፍ ከፍ ስለሚሉ አንድ በአንድ በጨርቅ ወለወልኳቸው፤ ሦስት ጎን ለጎን፣ ሁለት ጎን ለጎን፣ እንደገና ሦስት። ይኼኔ ከታችኛው በረንዳ የእማማ ድምፅ መጣ፤ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው።

«ልጄ! ትዝታ ነው እንዴ?»

ጨርቁን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ደግሜ ወለወልኩ። ትዝታ ነው!

ሰኞ ለመምህሬ ብነግረው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ አምስቱ ጥቁሮች እኮ ትዝታ ሜጀር ናቸው። ከሦስቱ የግራኛው ላይ ተነሥተው ይሂዱ። እነዚያኑ አምስቱን ከሁለቱ የቀኝኛው ላይ ቢነሡ ደግሞ ባቲ ማይነር ይሆኑልዎታል።» አንቺሆዬ የምትባለው ቅኝት ግን እንዲህ አትገኝም፤ ከዶ ስትነሣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ እያለች ነው የምትራመደው። ያኔ ክራር ትዝ አለኝ። ክራር መቺ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሻገር ክሩን ያጠብቃል፣ ያላላል። ፒያኖ ላይ ክሩን የሚነካው የለም፤ የሚቃኘው ጣት ነው። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም በልጅነቱ በክራር ጀምሮ፣ ከፒያኖ ጋር የተዋወቀው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ኋላ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተማረው። ከ16 ዓመት በኋላ ፒያኖ አይለመድም የሚል ካለ እሱን ይጠይቅ። 47ን... እሱን ተዉት።

አሁን ወደ መከራዬ ልምጣ። ግራ እጅ! አብዛኛው የእኛ ዜማ አንድ መስመር ነው፤ ሺህ ሰው ቢያዜም ያችኑ አንዷን ነው የሚከተለው። ፒያኖ ደግሞ ሁለት እጅ ሁለት ነገር እንዲያወራ ይፈልጋል። ቀኜ ሲያዜም ግራዬ አብሮ ያዜማል፤ ግራዬን ዝም በል ስለው ቀኜም አብሮ ያኮርፋል።

መምህሬ መላ ሲያጣ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሙዚቃ ከፈተልኝ። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ እዚያ ጀመሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር አሲናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሲማሩ በቀን 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር ይባላል። ኋላ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ያረፉት ኢየሩሳሌም ነው። እኔ ሌላውን ትቼ ግራ እጃቸውን ብቻ አዳመጥኩ። ቀኙ እየተጠማዘዘ፣ እየተንቀጠቀጠ ሲሄድ ግራው አይከተለውም። ይጠብቀዋል። ምን ዓይነት ትዕግሥት ነው!

«ለእርስዎ ለጊዜው አንድ ጣት ይበቃል» አለኝ መምህሬ። «ትዝታ የሚያርፍባት ጥቁር ላይ የግራ ትንሿን ጣት ያስቀምጡ። ዜማው ባረፈ ቁጥር አንዴ ብቻ ይንኳት። ሌላ ምንም አይጨምሩ።»

አንድ ጣት፣ አንድ ቁልፍ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መብራት ሲጠፋ እንኳ በሻማ ተቀምጬ ድምፅ የሌለውን ቁልፍ ቋ ቋ አደርጋለሁ፤ ልጆቼ «አባዬ እየጻፈ ነው» ይላሉ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ደረጃ ላይ ከእማማ ጋር ተገናኘን። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነው። ዘንቢላቸውን ተቀበልኳቸው።

«ልጄ፣ ማታ እንግዳ ነበረህ እንዴ? ሁለት ሆናችሁ ስትመቱ ሰማሁ።»

«አይ እማማ» አልኳቸው፣ «አንድ ተኩል ነን።»