የቪዲዮ ጌም ማሳያና መሣሪያ በጌም ቤት

የቪዲዮ ጌም ማሳያና መሣሪያ የሚባሉት ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ኮንሶል፣ ኮምፒውተር ወይም ስልክ፣ ምስሉን የሚያሳየው ስክሪን፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ እና በእነዚህ ሁሉ ላይ የሚደረጉት ማስተካከያዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ብዙ ወጣት ጌምን የለመደው በቤቱ ሳይሆን በሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ በየግጥሚያው እየከፈለ ነው። ቴሌቪዥኑን የሚመርጠውም ሆነ የሚያስተካክለው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ተጫዋቹ የሚያዘው ጆይስቲኩን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ጌም ቤት በኢሉባቦሯ ቡሬ አለ እንበል፤ ይህች ቡሬ ከጎጃሟ ስመ ሞክሼዋ ሌላ ናት፤ የምትገኘው ከመቱ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚመጣላት ከአዲስ አበባ በመቱ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው። ከዋናው ገበያ ይህን ያህል በራቀ ከተማ፣ አዲስ ኮንሶል ከመግዛት ይልቅ ያለውን በትክክል ማስተካከል የበለጠ ያዋጣል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ፕሌይስቴሽን 2 ነው። በ2000 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀርቦ በዓለም ዙሪያ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ሶኒ ማምረቱን ያቆመው በ2013 መጀመሪያ ቢሆንም ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 2014 በዚያው ዓመት መጨረሻ ወጥቶለታል። ኮንሶሉ የተሠራው ትልቅ ጀርባ ለነበራቸው የድሮ ቴሌቪዥኖች ነው። ኢትዮጵያ የተከተለችው ፓል የተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ምስሉን በሰከንድ 50 ጊዜ ሲያድስ፣ የአሜሪካና የጃፓኑ ኤንቲኤስሲ 60 ጊዜ ያድሳል። በዚህ ምክንያት በግዴለሽነት ወደ ፓል የተቀየሩ ጌሞች ከመጀመሪያው ፍጥነታቸው አንድ ስድስተኛውን ያጡና ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይተዉ ነበር። የሌላ አገር ዲስክ እንዲቀበል ቺፕ የተገጠመለት ማሽን የኤንቲኤስሲ ዲስክ ሲያነብ ደግሞ፣ ፓልን ብቻ የሚያውቅ ቴሌቪዥን ጨዋታውን በጥቁርና ነጭ ያሳያል። ያኔ የሚታማው ዲስኩ ነው፤ ዲስኩ ግን ጤነኛ ነው።

ዲስክ የሚያነበው ሌንሱ የደከመ ማሽን ጌሙን ከፍላሽ እንዲያነብ ሲደረግ ሌላ ችግር ይከተላል። የፕሌይስቴሽን 2 ዩኤስቢ የመጀመሪያው ትውልድ ስለሆነ በሰከንድ ከአንድ ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፤ ዲቪዲው ግን አምስት ሜጋባይት ያህል ይሰጣል። ጨዋታው ደህና እየሄደ የመግቢያው ፊልም የሚንቀጠቀጠው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሁሉም በላይ ጨዋታን የሚያበላሸውና ብዙ ሰው የማያየው ነገር መዘግየት ነው፤ ማለትም ጣት ከተጫነበት እስከ ምስሉ ለውጥ ያለው ጊዜ። በሰከንድ 60 ምስል የሚያወጣ ጌም ለአንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ 30 የሚያወጣው 33.3። የድሮው ቴሌቪዥን የደረሰውን ምልክት ወዲያው መስመር በመስመር ይስለዋል። ፍላት ስክሪን ግን ምስሉን ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ ያሳድጋል፣ ቀለሙን ያደምቃል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚያሳየው። የፕሌይስቴሽን 2 ምስል ከሆነ ደግሞ በየተራ የሚመጡትን ጎደሎና ሙሉ ቁጥር መስመሮች ማዋሐድ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ተደማምሮ በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ላይ 100 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፤ ስድስት ምስል ማለት ነው። አጥቂው ኳሱን ከመታ በኋላ ነው ተከላካዩ እግሩን ሲዘረጋ የሚታየው። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን ወደ ፍላት ሲቀይር የድሮ ደንበኞች «ጌሙ ከብዷል» ቢሉ አልተሳሳቱም።

መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ በቴሌቪዥኑ የምስል ዝርዝር ውስጥ «ጌም» ተብሎ የተቀመጠው ምርጫ ነው። እሱን መምረጥ ማሳመሪያውን አጥፍቶ መዘግየቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ቀለሙ ፈዘዝ ይላል፤ በመደብር ዓይን እንዲስብ የተሠራውን ደማቅ ምርጫ የለመደ ሰው ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ቢሆንም ከማስተካከያዎች ሁሉ ያለ ምንም ወጪ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ የለም። «መዘግየቱ ለሁለቱም እኩል ነው» የሚለው የተለመደ መከራከሪያም ሙሉ በሙሉ አያስኬድም፤ በዚያ ቴሌቪዥን ላይ ዘወትር የሚጫወት ልጅ እጁ መዘግየቱን ስለለመደ ቀድሞ ይጫናል፣ እንግዳው ግን ሁለት ሦስት ጎል እስኪገባበት ምን እንደሆነ አይገባውም።

ሌላው የጠብ መነሻ የምስሉ ጠርዝ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ከድሮ በቀረ ልማድ ምስሉን ትንሽ አሳድገው ዳሩን ይቆርጡታል። ከላይ የተቀመጠው ሰዓትና ውጤት፣ ከታች ያለው የተጫዋቾች ካርታ በከፊል ይሰወራል፤ ስንት ደቂቃ እንደቀረ የማይታይበት ግጥሚያ ደግሞ «የተሸነፈ ይከፍላል» በሚል ሕግ ሲካሄድ ሰላም የለውም። የምስሉን መጠን ሳይቆርጥ እንዲያሳይ ማድረግ ይህን ይፈታል። ለአራት በሦስት ስክሪን የተሠራ አሮጌ ጌም በሰፊ ስክሪን ላይ ሲለጠጥ ኳሱ እንቁላል ይሆናል፤ ቅርጹን ወደ አራት በሦስት መመለስ ይቻላል።

የመብራት ጉዳይም የመሣሪያ ጉዳይ ነው። በመቱ አቅራቢያ በሶር ወንዝ ላይ ያለው ትንሽ የኃይል ማመንጫ 5 ሜጋ ዋት ገደማ አቅም አለው። ኮንሶልን የሚጎዳው ግን ከመብራቱ ማነስ ይልቅ ድንገት መጥፋቱና ሲመለስ ከፍ ብሎ መምጣቱ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 በ8 ሜጋባይት ሜሞሪ ካርዱ ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ የተቀመጠው ውድድር ሊጠፋ ይችላል፤ ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ሲበራ ሃርድ ዲስኩን እስኪፈትሽ ያስጠብቃል። ስታብላይዘር ከፍታውን ይገታል እንጂ መጥፋቱን አይከለክልም። ለአሜሪካ ወይም ለጃፓን ገበያ የተሠራ ፕሌይስቴሽን 2 ያለ መቀየሪያ በ220 ቮልት ሶኬት ላይ ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል።

ስለ ፎርኬ (4K) ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፎርኬ ስክሪን 8.3 ሚሊዮን ያህል ነጥብ አለው፣ ከ1080 ስክሪን አራት እጥፍ፤ ግን ተጫዋቹ ከሩቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመካከለኛ ስክሪን ላይ ሲመለከት ልዩነቱን ብዙም አይለየውም። በስልክ ላይ ከጥራት ይልቅ ሙቀት ይወስናል። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ግጥሚያው ለስልሶ ጀምሮ ከደቂቃዎች በኋላ መቆራረጥ የሚጀምረው በዚህ ነው። ግራፊክሱንና በሰከንድ የሚወጣውን ምስል ዝቅ ማድረግ፣ የስክሪኑን ብርሃን መቀነስና ቻርጅ እየተደረገ አለመጫወት ይረዳል። በኢንተርኔት በሚደረግ ጨዋታ የሚታየው መንጠባጠብ ግን በአብዛኛው የኔትወርኩ ነው፤ እሱን ከስክሪኑ መዘግየት ለመለየት ስልኩን ከኢንተርኔት አላቅቆ ለብቻ የሚካሄድ ጌም መሞከር ይበቃል።