«ጊዜዬ አልቋል» የሚል ብሩሽ፦ ከወይራ መፋቂያ እስከ ሰማያዊው ቀለም

የጥርስ ብሩሽ ዕድሜው ስንት ነው? የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መልስ አለው። ከ3 እስከ 4 ወር፤ ጸጉሩ ከተንጨፈረረ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይለወጥ ይላል። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው የደቡብ ጎንደር ደጋ ግን ይህ ለዘመናት ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። የጥርስ ማጽጃው ዕድሜውን ራሱ ይናገር ነበርና። ስሙ መፋቂያ ነው።

መፋቂያ ከወይራ፣ ከክትክታ ወይም ከመሰል ዛፍ የሚቆረጥ ቀጭን እርጥብ እንጨት ነው። ጫፉ ተልጦ ይታኘካል፤ ሲታኘክ ቃጫው ይበተንና ብሩሽ ይሆናል። ቃጫው ሲያልቅ ጫፉ ተቆርጦ አዲስ ይታኘካል። እንጨቱ ሲደርቅ ድድ ይወጋል፣ ይጣላል። አጥሮ ለጣት አልያዝ ሲልም ይጣላል፤ የወደቀበትም አፈር ይሆናል። መቼ እንደሚለወጥ ለማወቅ ማንበብም መቁጠርም አያስፈልግም። አፍና ጣት ይበቃሉ።

ፋብሪካ የሠራው ብሩሽ ግን ይህን ቋንቋ ለመልመድ ሁለት መቶ ዓመት ፈጅቶበታል።

በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። በዚያ ዘመን የአውሮፓ የጥርስ ብሩሽ በአብዛኛው ከአጥንት እጀታና ከአሳማ ጸጉር ይሠራ ነበር። እንግሊዛዊው ዊሊያም አዲስ ይህን ዓይነቱን ብሩሽ በብዛት ማምረት የጀመረው በ1780 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። አሳማ የማይቀምሰው የደጋ ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ አፉ ውስጥ ማስገባት እንደማይዋጥለት መገመት አያዳግትም።

አሳማውን ከብሩሹ ያስወጣው ናይለን ነው። የዱፖንት ኩባንያ የፈለሰፈው ናይለን በየካቲት 1938 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው በሴቶች ስቶኪንግ ሳይሆን በጥርስ ብሩሽ ነበር። ናይለን አይበሰብስም፣ ቶሎም አይበጠስም። ችግሩም የመጣው ከዚሁ ጥንካሬው ነው። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይጎብጣል፤ የተጠቃሚው ዓይንም አብሮ ይለምደዋል። ሳያልቅ ያረጃል።

መፍትሔው የመጣው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ኦራል-ቢ በመካከሉ ሰማያዊ ጸጉር ያለው ብሩሽ ለገበያ አቀረበ። ቀለሙ የናይለኑን ውጫዊ ክፍል ብቻ የያዘ በመሆኑ ውኃና ፍትጊያ ከጫፍ ጀምሮ እየላጠው ይሄዳል። ሰማያዊው ግማሽ ድረስ ሲነጣ ብሩሹ «ጊዜዬ አልቋል» አለ ማለት ነው። ኩባንያው በዚህ ብዙ ብሩሽ እንደሚሸጥ ግልጽ ነው። ቢሆንም የታየው ችግር እውነተኛ ነበር፤ የተንጨፈረረ ብሩሽ በጥርስና በድድ መካከል እንደሚገባው አያጸዳም።

ታዲያ መፋቂያው ከብሩሹ ያንሳል? ኦልሰን የተባሉ ተመራማሪ ሁለቱን በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ላይ አነጻጽረው በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ መፋቂያ ጥርስ ላይ የተለጠፈውን ቆሻሻ በማስወገድ ከብሩሽ እንደማያንስ ደምድመዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1987 እ.ኤ.አ. ልማዱ ባለበት አገር እንዲበረታታ መክሯል። በእርግጥ መፋቂያ ፍሎራይድ ያለበትን ኮልጌት አይተካም፤ በግድ የለሽ ከተጠቀሙበትም ድድ ይልጣል።

ዛሬ ዋናው ጥያቄ እንጨቱ የት አለ የሚለው ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ወይራና ጽድ በክብር የቆሙት በእነዚህ አጸዶች ውስጥ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው በአብዛኛው እርሻ፣ ግጦሽና ባሕር ዛፍ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ደግሞ እንደ ልብ አይቆረጥም። ስለዚህ አያቱ ከጓሮ ቆርጦ ይፍቅ የነበረው ልጅ ዛሬ ከሱቅ ፕላስቲክ ብሩሽ ይገዛል።

ልጁ ብሩሹን አግኝቷል፤ ብሩሹ የሚጣልበትን ምልክት ግን አላገኘም። መፋቂያው በጣትና በአፍ ይናገር የነበረውን፣ አዲሱ ዕቃ ቢናገር እንኳ በማሸጊያው ላይ በባዕድ ቋንቋ ነው። ማሸጊያው በተገዛ ዕለት ይጣላል። ገንዘብ ያጠረው ቤት ደግሞ እጀታው እስካልተሰበረ ድረስ «ገና ይሠራል» ይላል። አዲስ ዕቃ ሲገባ አብሮት መግባት የነበረበት ዕውቀት ደጅ ቀረ ማለት ይህ ነው።

ይህን ለማስተካከል ሰማያዊ ቀለም መጠበቅ አያስፈልግም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የግል ንጽሕናን ከሚያስተምርባቸው ጉዳዮች አንዱ አድርጎ ይዟል። በዚያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይበቃል፦ ብሩሹን በጀርባው ገልብጠህ እይ፤ ጸጉሩ ከራሱ ጠርዝ አልፎ ከታየ ጊዜው አልፏል።

ቀን መቁጠሪያ ለሚሻ ደግሞ በዓላት አሉ። ገና፣ ፋሲካና ቡሄ ዓመቱን በግምት በአራት በአራት ወር ይከፍሉታል። ሙስሊሙም በራሱ አቆጣጠር ምልክት አያጣም። ቡሄ ደግሞ የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ከተማዋ በስሙ የምትጠራበት። ልጆች ጅራፍ በሚያጮሁበት፣ ሙልሙል በሚቀበሉበት በዚያ ሰሞን አዲስ ብሩሽም ቢጨመርላቸው፣ መፋቂያው ሲናገረው የኖረው ቃል ወደ ቤቱ ይመለሳል።